ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት አትመለሱ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወራው ደጅ ስለ ማደር ነው፤ ድንኳን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ፣ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ሜዳ ላይ አምሽቶ ስለ ማንጋት።

የከተማ ሰው ሽርሽር እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። በ2 ሰዓት እንነሳ የተባባለው ሰው በ4 ሰዓት ይሰበሰባል። ተደርሶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ምሳ እስኪቀርብ 8 ሰዓት ይሆናል። ልጆቹ ሣሩን ለምደው ገና መሮጥ ሲጀምሩ፣ ትልልቆቹም ጫማቸውን አውልቀው ጨዋታ ሲይዙ፣ አንዱ ሰዓቱን አይቶ "ኧረ ሳይመሽ! መንገዱ ሳይጨናነቅ!" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። ሰሃን ይሰበሰባል፣ ልጆች ይጠራሉ፣ የተጀመረው ወግ ሳያልቅ ሁሉም መኪና ውስጥ ይገባል።

እኔ ግን የሽርሽሩ ዋናው ክፍል የሚጀምረው እኛ ዕቃ በምንሸክፍበት ሰዓት ነው እላለሁ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በክረምትም በበጋም ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው፤ ከጠለቀች በኋላም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨልማል። ልጆች የሚተኙት በ3 ሰዓት አካባቢ ቢሆን፣ በመካከሉ ሦስት ሰዓት ያህል አለ። ቤት ውስጥ ይህ ሰዓት የት እንደሚሄድ አስቡት። አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ አንዱ ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት ገብቷል፣ እናት ወጥ ቤት ናት፣ አባት ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ግን መብራት የለም፣ የሚገባበት ሌላ ክፍል የለም፣ ያለው አንድ እሳት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። ይህ ሦስት ሰዓት እንዳያመልጣችሁ ነው የዛሬው ልመናዬ።

ደጅ ማደር ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጥር 10 የከተራ ማታ ግን ታቦታት ከየደብራቸው ወርደው በውኃ ዳር በተተከለላቸው ድንኳን ያድራሉ፤ ምእመናንም አብረዋቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሜዳው ላይ ያነጋሉ። ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚሄደው፣ ለመስከረም 21 ግሸን የሚወጣው ሰው ስንቁን ይዞ፣ ሸራውን ወጥሮ፣ ባገኘው ቦታ ጎኑን ያሳርፋል። እዚያ ያደረ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር እንጀራ እንደተካፈለ፣ ብርዱ እንዴት እንዳቀራረባቸው ሲያወራ አይጠግብም። መንፈሳዊው ጉዞ የራሱ ክብር አለው፤ ከመዝናኛ ጋር ላነጻጽረው አልሻም። ለማለት የፈለግሁት አያት ቅድመ አያቶቻችን ከሰማይ በታች ማደርን ያውቁበት እንደነበር ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንግባ። ለምሳሌ የምወስደው ባሌ ውስጥ ያለችውን ድንሾን ነው። ድንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ባለው ደን ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ፤ ዙሪያው ጽድና ኮሶ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን እዚያ ደን ውስጥ ሰው ብዙም ሳይፈራ ሲግጥ ይታያል። ከርከሮም ከነግልገሎቹ ይዞራል። አንድ ልጅ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ስለ ዱር እንስሳት የሚማረውን ትምህርት በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ከአዲስ አበባ ስትነሱ አስቡበት የምለው የመድረሻ ሰዓት ነው። ድንኳን የሚተከለው በብርሃን ነው፤ በ10 ሰዓት ቦታው ላይ መሆን ጥሩ ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ አገር የምትሄዱ ከሆነ መንገዱን በሁለት ቀን መክፈል ያስፈልጋል። በባትሪ ብርሃን፣ በራበው ሆድ፣ በሚያለቅስ ሕፃን መካከል ድንኳን መትከል ባልና ሚስት ያጣላል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ቦታው ሜዳማ ይሁን፣ ነገር ግን ጎድጓዳ አይሁን፤ ዝናብ ከመጣ ውኃ የሚቆመው እዚያ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ በፍጹም አትትከሉ። እናንተ ባላችሁበት ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ቀና ብላችሁም ዛፉን እዩ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ራቅ በሉ። የድንኳኑ በር ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይዙር። ካስማው ቀጥ ብሎ እንዳይቆም፤ ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ አጋድሎ ሲመታ ገመዱ በተሳበ ቁጥር አፈሩን ይበልጥ ይይዛል። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ግን በአንድ ነፋስ ተነቅሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አባቶች ሆይ፣ ድንኳኑን ብቻችሁን አትትከሉ። ቶሎ እንዲያልቅ ብላችሁ ልጆቹን "ዞር በሉ፣ እዚያ ተጫወቱ" ካላችሁ የቀኑን ትልቁን ደስታ ነጠቃችኋቸው ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ካስማ ቆጥሮ ማቀበል ይችላል። የአሥር ዓመቷ ምሰሶውን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ጎረምሳው ድንጋይ ፈልጎ ካስማ ይመታል። አያት ደግሞ ተቀምጠው "ወደ ግራ ዘሟል!" ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። ማታ ልጁ ሲተኛ የሚተኛው እሱ ራሱ ባቆመው ቤት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ለልጅ የምንሰጠው ሥራ አብዛኛው ማስመሰል ነው፤ ቢሠራውም ባይሠራውም ለውጥ የለውም። እዚህ ግን እሱ ውኃ ካልቀዳ ሻይ የለም።

አሁን ስለ ብርድ እናውራ፤ ምክንያቱም አንድ ቤተሰብ ሁለተኛ ደጅ እንዳያድር የሚያደርገው አውሬ ሳይሆን ብርድ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይወርዳል። ድንሾ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ከዚያ አልፋችሁ ወደ ሳነቴ አምባ ብትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ብርዱ ይጠነክራል፤ ቀን መሬት የሰበሰበችውን ሙቀት የሚመልስ ደመና የለምና።

ሰው ሁሉ የሚያስበው ከላይ ስለሚለብሰው ነው። ሌሊት ሙቀታችንን በዝምታ የሚወስደው ግን ከሥር ያለው መሬት ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ከላይ ደርቦ ከሥሩ ቀጭን ሸራ ብቻ ያነጠፈ ሰው ጀርባው በርዶት ያድራል። የድሮ ሰዎች ቁርበት የሚያነጥፉት ለዚህ ነበር፤ ከነጸጉሩ የተነጠፈ ቁርበት በጸጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ የመሬቱን ቅዝቃዜ ይከላከላል። እናንተም ስፖንጅ ፍራሽ፣ ካልተገኘ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ ከሥር አድርጉ። ካላችሁ ሁለት ጋቢ አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከላይ ማድረግ ሁለቱንም ከላይ ከመደረብ ይሻላል። ስሊፒንግ ባግ ያለው ሰው እሰየው፤ የሌለው ግን ይህን ምክንያት አድርጎ አይቅር። ከመተኛታችሁ በፊት በላብ የረጠበውን ካልሲና ካናቴራ ቀይሩ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ሙቅ ውኃ የተሞላ የብረት ኮዳ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ።

ጠዋት ስትነሡ የድንኳኑ ግድግዳ ከውስጥ ረጥቦ ብታገኙት ዝናብ አስገባ ብላችሁ ሻጩን አትርገሙ። የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጣው እንፋሎት የቀዘቀዘው ሸራ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። መድኃኒቱ የአየር ማስገቢያውን ክፍት ማድረግ ነው። በረደን ብላችሁ ሁሉንም ብትዘጉት ትረጥባላችሁ፤ የረጠበ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል።

ቀጥሎ የምናገረውን እባካችሁ ልጆቻችሁም እንዲሰሙት ራዲዮኑን ከፍ አድርጉልኝ። የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ፍሙ ቢከስምም፣ በሩ በትንሹ ቢከፈትም አይገባም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስለንም። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ ከዚያ አይነሣም። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ቤተሰቦች ጠዋት ሞተው መገኘታቸውን የሰማን ሁላችን ነን። ድንኳን ከክፍል ይጠባል። ጢስ የሌለው የጋለ ፍም ደህና ነው የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው፤ ጢስ አለመኖሩ ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ጋዝ ምድጃም ቢሆን ማብሰያው ውጭ ነው። ለሙቀት እሳት ዳር አምሹ፣ ለእንቅልፍ ጋቢ ልበሱ።

እሳቱን ደግሞ በተገቢው ቦታ እናንድደው። ፓርክ ውስጥ እንጨት መልቀም አይፈቀድም፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ከከተማ ገዝቶ መሄድ ነው። ከደን ወጥታችሁ ከፍ ስትሉ የምታገኙት አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በደረቅ ወቅት በአንድ ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ እሳት በተፈቀደበት፣ አመዱ በሚታይበት በድሮው ቦታ ብቻ ይነደዳል። ስትተኙ ውኃ አፍስሱበት፣ አማስሉት፣ በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሞክሩት፤ ሙቀት ካለው አልጠፋም።

ስለ ምግብ ብዙ የማስተምራችሁ የለኝም፤ የስንቅ ጥበብ በየቤታችሁ አለ። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ሁሉም ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው። በተለይ ጭኮ አርሲና ባሌ ላይ ከገብስና ከቅቤ ሲሠራ ያየ ሰው ለብርድ አገር ከዚህ የሚሻል ምግብ እንደማይኖር ያምናል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሳነቴ ላይ 87 ገደማ ይደርሳል። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ባቄላው አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ጥራጥሬውን ቤት ቀቅላችሁ ሂዱ። ሽሮ ግን የትም ቢሆን አያሳፍርም። ከወንዝ የምትጠጡ ከሆነ ውኃው ከፈላ በኋላ እንዲህ ባለ ከፍታ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ቡናውን ለምን ወደ መጨረሻ አመጣሁት? ምክንያቱም ያ ያልኋችሁ ሦስት ሰዓት የሚገባው ከቡና ጋር ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥቶ የሚሮጥ አለ፣ ቶናውን የሚጠብቅ የለም፣ በረካ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ሜዳ ላይ የሚሮጥበት የለም። ጭለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ እሳቱ እዚህ ነው። ስለዚህ በረካ ይጠጣል። አንድ ማታ ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር እንዲህ ባለ እሳት ዳር ተቀምጠን ነበር። የጓደኛዬ እናት ጀበናውን ከፍሙ ፈቀቅ አድርገው እስኪሰክን እየጠበቁ፣ ከወዲያ ደን ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ልጆቹ ደነገጡ። እሳቸው ግን ቀና እንኳን ሳይሉ "ጃርት ነው" አሉ።

የልጅ ልጃቸው፣ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ የለም እያለ ሲያማርር የዋለው ጎረምሳ፣ "እማማ፣ በምን አወቅሽ?" አላቸው።

"ማማ ላይ አላደግሁም እንዴ! ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። በቆሎው እሸት ከያዘ ጀምሮ ቤት አናድርም ነበር።"

"ብቻሽን?"

"ወንድሜ ነበር። ግን እሱ ይተኛል፤ ወንጭፉ እኔ ጋ ነው።"

ልጁ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀረብ አለ። ማማው ስንት ክንድ ከፍ ይል እንደነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ወንጭፍ በምን እንደሚገመድ ጠየቀ። እሳቸውም ከእንጨት ክምሩ ላይ የታሰረውን ገመድ ፈትተው አገማመዱን በእጃቸው አሳዩት፤ ድንጋይ የሚቀመጥበትን መሐሉን ሰፋ አድርገው፣ አንዱን ጫፍ ለጣት ማስገቢያ ቋጥረው። ያ ልጅ ከአያቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደገው። ወንጭፍ ወንጫፊ እንደነበሩ ግን ያወቀው ያን ዕለት ማታ ነው። ቤት ውስጥ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም፤ ጃርት አልተንኮሻኮሸም፣ ጊዜም አልነበረም።

ለዚህ ነው ደጅ ስታድሩ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ የምለው። ለእሳቸው ወፍራም ፍራሽ፣ የሚደገፉበት ወንበር፣ ሌሊት ለመውጣት ቅርብ የሆነ ቦታ አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ እንቆቅልሹንም፣ ተረቱንም እሳቸው ያመጡታል። ሙዚቃ የምትወዱ ክራር ወይም ከበሮ ብትይዙ መልካም ነው፤ ትልልቁን ስፒከር ግን ቤት ተዉት። የዱር እንስሳቱም የሚሸሹት፣ ጎረቤት ድንኳን ውስጥ ያለው ሕፃንም የሚነቃው በእሱ ነው።

ሰማዩን ለማየት ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ። ከአዲስ አበባ መብራት ርቃችሁ፣ ባትሪውን አጥፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። እኛ የምንኖርበት ኬክሮስ ለኮከብ ተመልካች የታደለ ነው፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የሰሜኑ ኮከብ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ በግንቦት ማታ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ብታዞሩ አውሮፓውያን ከአገራቸው የማያዩትን የደቡብ መስቀል ታገኛላችሁ። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉትም የተራራው ከፍታና የአገራችን አቀማመጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ስለሆነ ነው። ልጆቻችሁ ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልጋቸውም፤ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት ቢኖኩላር ካገኙ ጉድጓዶቿን ያዩበታል።

ጅብስ? ይህን ሳልመልስ ብተወው ስልካችሁ አያርፍም። ጅብን የሚመራው ሽታ ነው። ወደ ድንኳን የሚያመጣው የሥጋ ሽታ፣ ያልታጠበ ድስት፣ ውጭ የተተወ የቆዳ ጫማ ነው። ምግቡን በሙሉ መኪና ውስጥ ቆልፉ፤ ድስቱን ከመተኛታችሁ በፊት እጠቡ፤ ጫማችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ድንኳን ውስጥ አትብሉ። ሌሊት ልጅ ብቻውን አይውጣ። በፓርኮቻችን ውስጥ ደግሞ ከአካባቢው የሚመደብ ስካውት አብሯችሁ ያድራል፤ አክብሩት፣ ከእራታችሁ አካፍሉት፣ ስለ አካባቢው ጠይቁት፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያውቃል። ከመነሣታችሁ በፊትም የምትሄዱበትን አካባቢ ጸጥታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት በስልክ አረጋግጡ።

ውሻችሁን ግን ይዛችሁ አትሂዱ፤ የምለምናችሁ ስለ ቀይ ቀበሮ ብዬ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የሚያንሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉትም ባሌ ነው። ሳነቴ ላይ ፍልፈል እያደኑ ይኖራሉ። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ዓመታት መንጋ በመንጋ ፈጅቷቸዋል። ውሻችሁ ጤነኛ ቢመስልም ቤት ይቆይ።

ባሌ ሩቅ ነው ለምትሉ ላንጋኖ አለ፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ውኃው ቡናማ ሆኖ ሲያዩት ያስጠላል እንጂ ቢልሃርዚያ የሌለበት በመሆኑ ለዋና የሚመረጥ ሐይቅ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ብርዱ አያሳስባችሁም፤ የሚያሳስባችሁ ወባ ነውና አጎበር ያዙ። ይበልጥ ቅርብ ከፈለጋችሁ ከከተማው በስተምዕራብ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ ችግኝ መጥቶ እንደተተከለ ይነገርለታል፤ ውስጡ ያሉት ጽዶች ግንዳቸው በአንድ ሰው ክንድ አይታቀፍም። ያም ካልተመቸ ገጠር ያለ ዘመድ ግቢ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕፃናት ጋር የሚያድር ሰው እንዲያውም እዚያ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ አልሆን ካለ ቤት ይገባላ!

በውጭ አገር ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ በተለይ በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አላችሁ። እዚያ የድንኳን ቦታ በተለይ ለመፀው፣ ቅጠሉ ቀይ በሚሆንበት ወቅት፣ ወራት ቀድሞ መያዝ አለበት። ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ፣ የጥርስ ሳሙናም ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ድምፅ መቀነስ ግዴታ ነው፤ የእኛ ጨዋታ የሚሞቀው ያን ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ይመልሱላችኋል። እሳት ዳር አያታቸው ተረት ሲጀምሩላቸው ግን የመስማት ጊዜ አላቸው፤ ያልገባቸውን ቃል ይጠይቃሉ፣ የጠየቁትንም ይይዙታል። አማርኛ ለማስተማር ቅዳሜ ጠዋት ብቻ የምትታገሉ ወላጆች ይህንንም ሞክሩት።

ጠዋት መሄጃ ሲደርስ ያመጣችሁትን ፌስታል፣ የውኃ ላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐር ሁሉ መልሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መቅበር አይጠቅምም፤ ጅብና ከርከሮ ያወጡታል። ለመጸዳጃ የምትቆፍሩት ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት፣ ወዲያው በአፈር ይከደን። ልጆቹን በመስመር አሰልፋችሁ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አስሱ፤ ካስማ፣ ማንኪያ፣ የልጅ ካልሲ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ቤት እንደደረሳችሁ ድንኳኑን ገመድ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት። እርጥብ እንደሆነ የተጠቀለለ ድንኳን በጥቂት ቀናት ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ ሽታውም አይለቅ፣ ሸራውም ውኃ ማስገባት ይጀምራል። ካስማዎቹን ቆጥራችሁ የጎደለውን አሟሉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ዝግጁ ይሁን።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ መጀመሪያ የሕክምና እርዳታ፣ በተለይ መንገድ ላይ ስለሚያጋጥም ውልምትና ቃጠሎ እንማማራለን። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፣ ደውሉልን።